ኢ-ኮላይን በብርሃን ማንበብ፦ ለቧንቧ ውሃ፣ ለቆስጣና ለጥሬ ወተት የሚሆን የፍካት መለኪያ አሠራር

ከአቃቂ ወንዝ ዳር በማለዳ የተቆረጠ ቆስጣ፣ ከሱሉልታ የመጣ ጥሬ ወተት፣ ለገጣፎ ላይ ሮቶ ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ የቧንቧ ውሃ፤ ሦስቱም ለዓይን ንጹሕ ሊመስሉ ይችላሉ። ሰገራ ነክቷቸው እንደሆነ የሚያሳብቀው ኢ-ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ መኖሪያው የሰውና የእንስሳት አንጀት ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስለ መጠጥ ውሃ የሚለው አጭር ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ-ኮላይ መገኘት የለበትም።

የመሣሪያውን ዓይነት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ኦፕቲካል ባዮሴንሰር (ባክቴሪያን በብርሃን የሚለይ መሣሪያ) ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈበትን መስታወትና ባክቴሪያው ሲያርፍበት የሚቀየረውን ብርሃን ነው። ግሩም ነገር ነው፤ ግን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሴንሰር ምልክት ለመስጠት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ብዙ ሺህ ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንዷን ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውን አንድ ሌሊት ማራባት ግድ ነው። የቧንቧ ውሃን በ10 ደቂቃ ይመረምራል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ካጋጠመዎት፣ «ከስንት ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ባክቴሪያ ያገኛል?» ብለው ይጠይቁ።

እዚህ የምንሠራው በኢንዛይም ላይ የቆመውን ነው። አብዛኛው ኢ-ኮላይ ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ኤምዩጂ የተባለው ኬሚካል በራሱ አይፈካም፤ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ግን 4-ሜቲልኡምቤሊፌሮን ይለቀቃል፤ ይህ በ365 ናኖሜትር ዩቪ ብርሃን ሲመታ 450 ናኖሜትር አካባቢ ደማቅ ሰማያዊ ይፈካል። ባክቴሪያው ኬሚካሉን ይቆርጣል፣ ሴንሰሩ ብርሃኑን ያነብባል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር ይያዙልን። የሚለካው ቲዩቡ ምን ያህል ይፈካል የሚለው አይደለም፤ ከራሱ መነሻ ምን ያህል ጨመረ የሚለው ነው። ቆስጣም፣ የዱቄት ሳሙና ቅሪትም፣ አንዳንድ ብርጭቆም፣ ድስት ውስጥ የከረመ ሚዲያም (ባክቴሪያው የሚራባበት ፈሳሽ) ሰማያዊ ይፈካሉ። እያንዳንዱ ቲዩብ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ካልሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ማንበቢያው

የሚያስፈልጉት፦ እውነተኛ 365 ናኖሜትር የሆነ 5 ሚሊ ሜትር ኤልኢዲ፣ ኤኤስ7341 የቀለም ሴንሰር ሰሌዳ፣ ፕሮግራሙ የሚጫንበት ኢኤስፒ32 ሰሌዳ፣ 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ የ68 ኦምና የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከ420 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን የሚያግድ ፊልተር፣ 20 በ150 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክዳናቸው የሚጠመዘዝ የቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ቲዩቦች፣ 6 በ6 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ እንጨት።

ኤልኢዲው ላይ አይሞኙ። በርካሽ የሚሸጠው «ዩቪ» አብዛኛውን ጊዜ 395 ናኖሜትር ነው። ሲበራ ደማቅ ወይንጠጅ ከሆነ እሱ ነው፤ ይተዉት። የ365ቱ ለዓይን ደብዛዛ፣ ነጣ ያለ ነው፤ ደብዛዛ ሆኖ ስለታየ ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ሲሞክሩት የፖሊካርቦኔት መነጽር ያድርጉ፣ ፊት ለፊት አይመልከቱት።

እንጨቱን እንጨት ቤት ወስደው እንዲህ ያስበሱት። ከላይ ወደ ታች 21 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 65 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ፤ ቲዩቡ የሚገባበት ነው። ከጎን፣ ከእንጨቱ ታችኛ ጠርዝ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ለኤልኢዲው የ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። በዚያው ከፍታ፣ በአጠገቡ ባለው ጎን፣ ለሴንሰሩ የ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። ሁለቱ በ90 ዲግሪ ይገናኙ እንጂ ፊት ለፊት አይተያዩ፤ ከተያዩ ሴንሰሩ የሚያየው ፍካቱን ሳይሆን ኤልኢዲውን ነው። ፊልተሩን ሴንሰሩ ፊት ያስገቡ። የቀዳዳውን ውስጥ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡ፤ ከመቀባትዎ በፊት ቀለሙን ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው በዩቪው ይዩት፤ ራሱ የሚፈካ ቀለም አለ። ለክዳን ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ገልብጠው ቢደፉበት ከብዙ የተገዛ ሣጥን ይሻላል።

ኤልኢዲው ከ5 ቮልት በ68 ኦም በኩል አልፎ በትራንዚስተሩ ይብራ፤ ወደ 18 ሚሊ አምፔር ያገኛል። የትራንዚስተሩን ቤዝ ከኢኤስፒ32 እግር ጋር በ1 ኪሎ ኦም ያገናኙ። ሴንሰሩን በ3.3 ቮልት ያሠሩ። ሰሌዳው ላይ ኃይል መኖሩን የምታሳይ ትንሽ መብራት ካለች በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኗት፤ ጥቃቅን ናት ተብላ የምትታለፍ፣ ግን ንባብን በየጊዜው የምታበላሽ እሷ ናት።

ፕሮግራሙ በቅደም ተከተል ይህን ያድርግ፦ ኤልኢዲው ጠፍቶ አንድ ጊዜ ያንብብ፤ ያብራ፣ 100 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቅ፤ አምስት ጊዜ አንብቦ መካከለኛውን ይውሰድ፤ የጨለማውን ንባብ ይቀንስ፤ ያጥፋ። የ445፣ የ480 እና የ515 ናኖሜትር ቻናሎችን ይመዝግብ። የሴንሰሩን የንባብ ርዝመት የሚወስኑትን ሁለት ቁጥሮች፣ ኤቲ-ታይምን 100፣ ኤ-ስቴፕን 999 ቢያደርጉ አንድ ንባብ ወደ 280 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ማጉያውን በ256 ይጀምሩ፤ ቁጥሩ 65535 ላይ ከተጣበቀ ሴንሰሩ ሞልቷል፤ ወደ 64 ያውርዱት። አንድ ጊዜ ከወሰኑ በኋላ ግን በመነሻና በመጨረሻ ንባብ መካከል ማጉያውን አይንኩ።

ማንበቢያው ዛሬም እንደ ትናንቱ መሆኑን ለማወቅ ቶኒክ ውሃ ይጠቅማል። ውስጡ ያለው ኪኒን እዚያው 450 አካባቢ ይፈካል። ጋዙ የወጣለትን ቶኒክ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ አቅጥነው በአንድ ቲዩብ ያሽጉና ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ከሥራ በፊት ያንብቡት። ከትናንቱ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ ወይ ፊልተሩ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ ቲዩቡ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ወይ ኤልኢዲው ደክሟል። በየሳምንቱ አዲስ ይሥሩ።

ቲዩቦቹን መምረጥ

አዲስ የተገዙ ቲዩቦችን ባዶአቸውን በጨለማ ክፍል በዩቪው ይዩ። አንዳንድ ብርጭቆ ውስጥ ሲሪየም ኦክሳይድ አለ፤ ባዶውን ሰማያዊ ይፈካል። እነዚያን ለሌላ ሥራ ያውሉ። ከዚያ ስለ እጥበት፦ በዱቄት ሳሙና ፈጽሞ አይጠቡ። ልብስን «የሚያነጣው» ማንጫ ከ4-ሜቲልኡምቤሊፌሮን ጋር በሚመሳሰል ሰማያዊ ይፈካል፣ ብርጭቆም ላይ ይቀራል። በሙቅ ውሃና በብሩሽ አሽተው፣ አምስት ጊዜ በቧንቧ፣ ሁለት ጊዜ በተጣራ ውሃ ያለቅልቁ። በእያንዳንዱ ቲዩብ አንገት ላይ በማይለቅ ቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፣ እንጨቱ ላይም እንዲሁ። በየንባቡ መስመር ከመስመር ይጋጠም፤ ብርጭቆ ሙሉ በሙሉ ክብ ስላልሆነ ቲዩቡን ማዞር ብቻ ንባቡን ይቀይራል።

የሙቀት ሣጥን

ኢንኩቤተር ካለ እሰየው። ከሌለ፣ ውስጡ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎም ሣጥን፣ 12 ቮልት 30 ዋት ማሞቂያ፣ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን፣ በውሃ የተሞሉ አሥር ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች። ሃይላንዶቹ የሣጥኑ ባትሪ ናቸው። ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን እንዲህ ያለ ሣጥን ወደ 10 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል፤ 5 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመቀዝቀዝ ያኔ 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ውሃ ከሌለበት በጥቂት ደቂቃ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይጨምሩበት፤ ሳይጎዳ ወደ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል።

ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰሩን በአየር ላይ አያንጠልጥሉ፤ ውሃ በያዘ ቲዩብ ውስጥ ይንከሩት። ማሞቂያው 34.8 ላይ ይብራ፣ 35.2 ላይ ይጥፋ። ማሞቂያው ላይ 77 ዲግሪ ላይ የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ በተከታታይ ያስገቡ፤ ፎም ይነድዳል።

ሴንሰሩን በሚፈላ ውሃ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። «መቶ ነው» ብለው ካስተካከሉ 8 ዲግሪ ያዛባሉ። ከሰውነት ቴርሞሜትር ጋር በ36 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ ማነጻጸር ይበቃል።

ሚዲያው

ለአንድ የውሃ ናሙና 13 ቲዩብ ያስፈልጋል፦ አሥር ለናሙናው፣ ሦስት ለኮንትሮል (ለማነጻጸሪያ)። በእጥፍ ጥንካሬ 150 ሚሊ ሊትር ይሥሩ።

1. ኤምዩጂውን ቀድመው ያዘጋጁ፦ 100 ሚሊ ግራሙን ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ 2 ሚሊ ሊትር ያሟሙ። በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ በጨለማ ያስቀምጡ። ኤምዩጂ ውድ ነው፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያበላሸዋል።
2. የሎሪል ትሪፕቶዝ ዱቄት (የባክቴሪያው ምግብ) 10.68 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ። የአንድ እጥፉ መጠን በሊትር 35.6 ግራም ነው፤ እኛ እጥፍ የምናደርገው ናሙናው በእኩል መጠን ስለሚያቀጥነው ነው።
3. ከኤምዩጂ ውህዱ 300 ማይክሮ ሊትር ይጨምሩ። በሊትር 100 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ናሙናው ሲገባ 50።
4. በየቲዩቡ 10 ሚሊ ሊትር ይቅዱ፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ይግጠሙ።
5. በፕሬዠር ኩከር ያምክኑ።

አምስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የላቦራቶሪ መጽሐፍ የሚለውና እዚህ የሚሆነው የሚለያዩት እዚህ ነው። መጽሐፉ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይላል፤ በባሕር ጠለል ላይ ይህ ከ103 ኪሎ ፓስካል የጌጅ ግፊት (ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለው) ጋር እኩል ነው። እኛ ዘንድ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጌጁ ያንኑ ቁጥር ቢያሳይም ውስጡ ከ116 እስከ 117 ዲግሪ ነው። በ116 ዲግሪ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት 45 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ድስት ከሆነ ግፊቱ ከዚህም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በ113 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሰዓቱ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ስኳሩና ፕሮቲኑ ተዋህደው ሚዲያው ይጠቁራል፣ ጥቁረቱም በዩቪ ሰማያዊ ይፈካል። ጌጅ ያለው፣ እስከ 130 ኪሎ ፓስካል የሚችል ማምከኛ ካገኙ ይምረጡት። ካላገኙ የመነሻው ንባብ ከፍ እንደሚል አውቀው ይሥሩ። አንድ ላይ የተመከኑ ቲዩቦችን ከሌላ ቀን ቲዩቦች ጋር ግን አያደባልቁ።

የውሃ ናሙና መውሰድ

ጠርሙሱ የተመከነ፣ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይሁን። ከመመከኑ በፊት 3 በመቶ የሶዲየም ታዮሰልፌት ውህድ 0.1 ሚሊ ሊትር ጠብ ያድርጉበት። ምክንያቱ ክሎሪን ነው፤ ከቧንቧ የመጣ ክሎሪን ጠርሙሱ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል፣ ቤት ሲደርሱ ባክቴሪያው ሞቶ ይገኛል፣ ቧንቧው ሥር ግን በሕይወት ነበር።

የቧንቧውን አፍ በአልኮል ይጥረጉ፤ ብረት ከሆነ በእሳት ይለብልቡት። ሁለት ደቂቃ ያፍስሱ። ክዳኑን በእጅዎ ይያዙ እንጂ መሬት አያስቀምጡ። ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር አየር ይተዉ፤ ለመበጥበጥ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ ውስጥ ታዮሰልፌቱ ስላለ አያለቅልቁት። የሮቶውን ውሃ ማወቅ ከፈለጉ ከሮቶው ሥር ካለው ቧንቧም፣ ከመንገዱ መስመርም ለየብቻ ይውሰዱ፤ ብክለቱ ከመንገድ መጣ ወይስ ከራስዎ ጣሪያ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው። በበረዶ ኮዳ ያቀዝቅዙ፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምሩ።

መጀመርና ማንበብ

ናሙናውን 25 ጊዜ ገልብጠው ይበጥብጡ። ባክቴሪያ እየተጣበቀ ይሰበሰባል፤ ካልተበተነ አሥሩ ቲዩብ እኩል ዕድል አያገኝም። በተመከነ ፒፔት ለአሥሩ ቲዩብ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር ያድርጉ። አሥራ አንደኛው ብላንክ (ናሙና የሌለበት) ነው፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። አሥራ ሁለተኛው የሚፈካው ኮንትሮል፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና ኤቲሲሲ 25922 ከተባለው የኢ-ኮላይ የላቦራቶሪ መፈተሻ ዝርያ አንድ ጠብታ። ይህን ዝርያ የሚሰጥ ላቦራቶሪ አጠገብዎ ከሌለ 1 ሚሊ ሊትር የወንዝ ውሃ ለደንበኛ ምርመራ ባይመከርም ሚዲያው መሥራቱን ያሳያል። አሥራ ሦስተኛው በጣም የሚረሳው ነው፦ ራሱ ናሙናው፣ ከዚያው ኢ-ኮላይ ጠብታ ጋር። ይህ ካልፈካ ናሙናው ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ቀርቷል፤ የአሥሩም «ንጹሕ» ውጤት ዋጋ የለውም።

ቲዩቦቹን ወዲያው አያንብቡ። ከበረዶ የወጣ ውሃ ብርጭቆው ላይ ጤዛ ያመጣል፤ ፍካትም በሙቀት ይቀያየራል። ሣጥኑ ውስጥ 30 ደቂቃ ይሙቁ፤ በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው ገና አልተነሳም። ከዚያ አንድ በአንድ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ መስመሩን አጋጥመው፣ የመነሻውን ንባብ ይመዝግቡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቢጀምሩ ሁለተኛው ንባብ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሦስተኛው በማግሥቱ ማታ 12 ሰዓት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት ቲዩቡን አምስት ጊዜ በዝግታ ይገልብጡ።

የእያንዳንዱን ቲዩብ የ445 ንባብ ለራሱ የመነሻ ንባብ ያካፍሉ። ብላንኩ አንድ አካባቢ ይቆያል፤ ኢ-ኮላይ ያለበት ብዙ እጥፍ ይወጣል። ወሰኑን ከሰው አይዋሱ። አሥር ብላንክ በተለያየ ቀን ሠርተው አማካዩን ይያዙ፣ የስታንዳርድ ዲቪየሽኑን (ንባቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ቁጥር) ሦስት እጥፍ ይደምሩበት፤ ያ የእርስዎ ወሰን ነው። መሣሪያው ከተለወጠ እንደገና ያውጡት።

የ12 ሰዓቱ ንባብ አዎንታዊውን ቶሎ ይሰጥዎታል፤ «የለም» ለማለት ግን 24 ሰዓት መሙላት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። ጤነኛ ኢ-ኮላይ በዚህ ሚዲያ በ20 ደቂቃ ገደማ ይባዛል። አንዷ ሴል 20 ሚሊ ሊትሩን በሚሊ ሊትር አሥር ሚሊዮን እስክታደርስ 28 ጊዜ ያህል መባዛት አለባት፤ ይህ ብቻ ከ9 ሰዓት በላይ ነው። በክሎሪን የተጎዳች ከሆነች ከመነሳቷ በፊት ጥቂት ሰዓት ታሳልፋለች።

ከአሥሩ የፈኩትን ይቁጠሩ። አንድም ካልፈካ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1.1 በታች፤ አንድ ከሆነ 1.1፣ ሁለት 2.2፣ ሦስት 3.6፣ አራት 5.1፣ አምስት 6.9፣ ስድስት 9.2፣ ሰባት 12፣ ስምንት 16.1፣ ዘጠኝ 23፤ አሥሩም ከፈኩ ከ23 በላይ። ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ለመጠጥ ውሃ ግን አንድ ቲዩብም ቢሆን በቂ ምክንያት ነው።

ሚዲያው ደፍርሶ ሳለ ፍካቱ ደካማ ከሆነ አሲዱን ይጠርጥሩ። ባክቴሪያው ላክቶሱን ሲያፈላ ፒኤች ይወርዳል፤ 4-ሜቲልኡምቤሊፌሮን ደግሞ አሲድ ውስጥ ይደበዝዛል፣ የሚደምቀው ፒኤች ከ8 ሲያልፍ ነው። ለማረጋገጫ የሚላክ ናሙና ከቲዩቡ አስቀድመው ይቅዱ፤ ከዚያ 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 2 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ ብላንኩም ላይ እኩል ያድርጉ፣ ሁለቱንም ያንብቡ። እውነተኛ አዎንታዊ ከሆነ ወዲያው ይቦጋል። ዓይንና እጅ ይሸፍኑ፤ ይህ ፈሳሽ ቆዳ ይበላል።

ሌላው አሳሳች ሱዶሞናስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። እሱም ዩቪ ሥር ይፈካል፣ ግን ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። የ445ቱን ንባብ ለ515ቱ ያካፍሉና ከሚፈካው ኮንትሮል ጋር ያስተያዩ፤ በጣም ዝቅ ካለ ያ ቲዩብ አጠራጣሪ ተብሎ ይመዝገብ።

ቆስጣና ሰላጣ

25 ግራም ቆርጠው በወፍራም ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከ225 ሚሊ ሊትር የተመከነ 0.1 በመቶ የፔፕቶን ውሃ ጋር ያድርጉ። ከውጭ በእጅ ለሁለት ደቂቃ ይሹት። ብሌንደር አይጠቀሙ። የቆስጣ፣ የስፒናችና የቀይ ሥር የሴል ግድግዳ ፌሩሊክ አሲድ አለው፤ እሱ ራሱ ዩቪ ሲያገኘው ሰማያዊ ይፈካል። ቅጠሉን በፈጩት ቁጥር መነሻው ከፍ ይላል፣ የባክቴሪያው ምልክትም እዚያ ውስጥ ይዋጣል። ጥቅል ጎመንና ሰላጣ እንዲህ አያስቸግሩም።

አምስት ደቂቃ ያስረጉት፣ ከመካከል ይቅዱ። ይህ አንድ አሥረኛ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ከ9 ሚሊ ሊትር የፔፕቶን ውሃ ጋር እየቀላቀሉ ወደ አንድ መቶኛና ወደ አንድ ሺህኛ ያውርዱ። ከየደረጃው ለሦስት ሦስት ቲዩብ 1 ሚሊ ሊትር ያስገቡ፤ በቲዩቡ ያለው ሚዲያ አሁን የአንድ እጥፍ ጥንካሬ፣ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ኤምዩጂውም በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሁን። ከሦስቱ ደረጃዎች የፈኩት 0-0-0 ከሆኑ በግራም ከ3 በታች፤ 1-0-0 ከሆኑ 3.6፣ 3-0-0 ከሆኑ 23፣ 3-1-0 ከሆኑ 43፣ 3-2-0 ከሆኑ 93፣ 3-3-0 ከሆኑ 240፣ 3-3-2 ከሆኑ 1,100። 0-0-2 ዓይነት የተገለበጠ ውጤት ከመጣ ፒፔት ተደበላልቋል ማለት ነው፤ ይድገሙት።

ወተት

ጥሬ ወተት ነጭ ስለሆነ ብርሃን ይበትናል፤ ከአንድ መቶኛ በታች ባለ ቅጥነት አይጀምሩ። ሦስቱ ደረጃዎች አንድ መቶኛ፣ አንድ ሺህኛ፣ አንድ አሥር ሺህኛ ይሁኑ፤ ከላይ ያሉትን ቁጥሮችም በአሥር ያባዙ። ብላንኩ ውሃ አይሁን፤ ያው ወተት ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እኩል ቀጥኖ ይግባ።

እርጎ ላይ አይሞክሩት፤ አሲዱ ፍካቱን ያጠፋል። ዱለትና ጥሬ ጉበትም እንዲሁ፤ ጉበት የራሱ ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ ስላለው ባክቴሪያ ሳይኖርበት ይፈካል።

የማይነግርዎት

ከሃያ የኢ-ኮላይ ዝርያ አንዱ ያህል ይህ ኢንዛይም የለውም። ከእነዚህ አንዱ ኩላሊት የሚጎዳው ኦ157፦ኤች7 ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ሰገራ መንካቱን እንጂ በሽታ አምጪውን ራሱን አይፈልግም። ሽጌላና ሳልሞኔላ ከሚባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም አንዳንዶቹ ኢንዛይሙ አላቸው። ቫይረስና ጃርዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ) ግን አይታዩበትም፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካልማ ጭራሽ። አዎንታዊ ቲዩብ ሲያገኙ ያስቀሩትን ናሙና በበረዶ አድርገው፣ በ44.5 ዲግሪ ማሳደግና ማረጋገጥ ለሚችል ላቦራቶሪ ያድርሱ። ውጤቱ እስኪመጣ ውሃው ፈልቶ ይጠጣ፤ በ92 ዲግሪ መፍላት ኢ-ኮላይን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው።

ማስወገድ

የፈካ ቲዩብ በሚሊ ሊትር ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይዟል፤ በተለይ የወንዝ ውሃ የገባበት። ክዳኑን ሳይከፍቱ ላላ አድርገው በፕሬዠር ኩከሩ እንደ ሚዲያው ጊዜ ያምክኑ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ይድፉ። ድስቱ ዳግም ለወጥ አይሁን። ማምከኛ ከሌለ አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅለው፣ ቲዩቡን ከፍተው ሙሉ በሙሉ ይዘፍዝፉ፣ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሚዲያው ራሱ ክሎሪን ስለሚበላ በረኪናው ከቲዩቡ ፈሳሽ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። በበረኪና የተዘፈዘፈውን ድስት ውስጥ አይክተቱ፤ ሲሞቅ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠረጴዛውን በዚያው ውህድ ይጥረጉ። ቲዩቦቹን ለሚቀጥለው ሥራ ከማስቀመጥዎ በፊት የበረኪና ሽታ እስኪጠፋ ያለቅልቁና አንዱን በዩቪው ይዩት።